የወርቁ ጥብጣብና የስደተኛው ድስት፦ በባዕድ አገር «እውነተኛ» የኢጣልያ ምግብ ቤት ስለ መፈለግ

በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በቦሎኛ ከተማ፣ በንግድ ምክር ቤቱ ዘንድ፣ ከወርቅ የተሠራ አንድ ጠባብ ጥብጣብ በአደራ ተቀምጧል። ጥብጣቡ ለጌጥ የተሠራ ሳይሆን መለኪያ እንዲሆን የታሰበ ነው። የከተማይቱ የምግብ ባህል ጠባቂዎች በ1972 (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ታልያቴሌ» የሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ተቀቅሎ ገበታ ላይ ሲቀርብ ወርዱ ምን ያህል መሆን እንደሚገባው ለመጪው ትውልድ ለማስተላለፍ አሠርተው አስቀመጡት። የተወሰነው ልክ 8 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይኸውም በከተማይቱ መካከል የቆመው የአዚኔሊ ግንብ ቁመት 12,270ኛ እጅ መሆኑ ተነግሯል። ግንቡ 97.2 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ሒሳቡን ለሚሞክረው ሰው የሚወጣው 7.92 ሚሊሜትር ነው፤ ለወጥ ቤት ሥራ ከበቂ በላይ የቀረበ ልክ ነው።

የምሕንድስና ሙያ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ግን በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቀመጠውን፣ ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራውን የሜትር ዘንግ ያስታውሳል። ያ ዘንግ ከ1889 እስከ 1960 ድረስ የዓለም ርዝመት ሁሉ የሚዳኝበት ነበር። ያለ መለኪያ ሥራ እንደማይሠራ የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ያውቁታል። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ምግብ በዘንግ ሊዳኝ ይችላልን? በተለይም ምግቡ ከባለቤቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ በሌላ ውኃ፣ በሌላ ዱቄትና በሌላ ማገዶ መሠራት ከጀመረ በኋላ «ይህ እውነተኛ ነው፤ ያ ሐሰተኛ ነው» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ በእኔ ላይ የተነሣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሙያ ሥልጠና በአንዲት የጀርመን ከተማ በተቀመጥሁበት ወቅት ነው። በከተማይቱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ስላልነበረ፣ አገሬ በናፈቀኝ አንድ እሑድ ማታ፣ ከእንጀራ ቀጥሎ ለሆዴ የሚቀርበው ፓስታ ነው ብዬ የኢጣልያ ምግብ ቤት ፈልጌ ገባሁ። በበሩ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። የቀረበልኝ ፓስታ ግን መሃሉ ያልበሰለ መስሎ ስለ ታየኝ አስተናጋጁን ጠርቼ ወደ ድስቱ ይመለስልኝ አልሁ። በአስተናጋጁ ፈንታ ባለቤቱ ራሳቸው መጡ፤ ከኢጣልያ ደቡብ ጫፍ፣ ከካላብሪያ፣ በወጣትነታቸው የተሰደዱ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ በመጽሐፉ መሠረት የተቀቀለ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች እያመለከቱ፣ «እነዚያ የሚበሉት በክሬም የተለወሰው ለዚህ አገር ሰው የምሠራው ነው። እኔና ባለቤቴ በቤታችን የምንበላው ግን ከሁለቱም አይደለም» አሉ። «ታዲያ ከሦስቱ እውነተኛው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁና መልሱን ሳይነግሩኝ ሄዱ። ይህ ሐተታ ያን መልስ ከታሪክ ውስጥ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

አገሪቱ አንድ ሳትሆን የነበሩ ገበታዎች

ኢጣልያ የምትባለው መንግሥት አንድ ሆና የቆመችው በ1861 ነው። ከዚያ በፊት ምድሪቱ በልዩ ልዩ ነገሥታትና መሳፍንት እጅ ተከፋፍላ ስለ ነበረች፣ ገበታዋም እንዲሁ የተከፋፈለ ነበር። በሰሜን፣ በፖ ወንዝ ሜዳ፣ ሩዝና ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ከቅቤ ጋር ይበላል። በደቡብ ደግሞ ፓስታና የወይራ ዘይት የዕለት ምግብ ነበሩ። የሚላኖ ሰው የናፖሊን ገበታ፣ የናፖሊም ሰው የሚላኖን ገበታ እንደ ሌላ አገር ምግብ ይቆጥረው ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዛሬ የኢጣልያ ምግብ ምልክት ሆኖ የሚታየው ቲማቲም እንኳ ተወላጅ አይደለም። ከአሜሪካ ምድር በ16ኛው መቶ ዓመት መጥቶ፣ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ሲታይ ቆይቶ፣ የቲማቲም ስጎ አሠራር በናፖሊ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ፓስታና ቲማቲም በአንድ ሳህን ተገናኝተው መጻሕፍት ውስጥ የሚታዩት ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የናፖሊ ድኻ ፓስታውን በመንገድ ዳር በተፈጨ አይብ ብቻ ነስንሶ በእጁ ይበላው ነበር።

ለመላው ኢጣልያ የሚሆን የምግብ መጽሐፍ ለመጻፍ ከተነሡት መካከል ስሙ የገነነው ፔሌግሪኖ አርቱዚ ነው። ይህ ሰው በንግድ ሥራ ኖሮ በፍሎሬንስ ከተማ ጡረታ የወጣ ሲሆን፣ በ1891 ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ አሳተመ። መጽሐፉ በብዙ ቤቶች ውስጥ ገብቶ ከአንዱ አውራጃ ለሌላው አውራጃ ምግብና የምግብ ቃል አካፈለ። ነገር ግን የአርቱዚ ገበታ የመካከለኛውና የሰሜኑ ባለጸጋ ገበታ ነበር፤ ደቡቡ በውስጡ እምብዛም አይታይም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የኢጣልያን ምግብ ለዓለም ያስተዋወቀው በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ ያላገኘው ያው የደቡቡ ድኻ ሆነ።

የድኻው ገበታ ምን ይመስል እንደ ነበር ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በቬኔቶና በሎምባርዲያ የሚኖረው ድኻ ገበሬ ከፖሌንታ በቀር ሌላ የሚበላው እምብዛም አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ቆዳን የሚያቆስል፣ አእምሮን የሚያውክና የሚገድል ፔላግራ የተባለ በሽታ በብዙ ሺህ ሕዝብ ላይ ደረሰ። በሽታው ናያሲን በተባለው ቪታሚን እጦት የሚመጣ መሆኑ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የሚያስገርመው፣ በቆሎ በተገኘበት በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ እህሉን በኖራ ውኃ ቀቅለው ስለሚያዘጋጁት ሰውነት ቪታሚኑን ለማግኘት ይችል ነበር። አውሮፓውያን እህሉን ወሰዱ፤ ዘዴውን ግን ትተው መጡ። ይህ ታሪክ «እውነተኛ» ስለሚባለው ምግብ ለምንጠይቀው ጥያቄ ከፍ ያለ ትምህርት አለው፤ ከመልኩና ከስሙ ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው ዕውቀቱ መሆኑን ያሳያልና።

የስደተኛው ድስት

ከ1876 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ባለው ጊዜ ከ13 ሚሊዮን የማያንሱ ኢጣልያውያን አገራቸውን ለቀው ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ቀርተዋል። ከ1880 እስከ 1924፣ የአሜሪካ መንግሥት በሩን በሕግ እስካጠበበበት ጊዜ ድረስ፣ ወደዚያች አገር ብቻ የገቡት ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ከናፖሊ፣ ከካላብሪያና ከሲሲሊ የመጡ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች በትውልድ መንደራቸው ሥጋ የሚያዩት በዓመት በዓል ነበር። ነጭ ዱቄት፣ አይብና ዘይት የባለመሬቱ ነበሩ። በኒው ዮርክ የመንገድና የዋሻ ቁፋሮ ሠርተው ባገኙት ደመወዝ ግን ሥጋ በሳምንት መግዛት ቻሉ። ከዚህም «ስፓጌቲ በሥጋ ድቡልቡል» የተባለው ምግብ ተወለደ። ዛሬ ከሮም ወይም ከቦሎኛ የመጣ ሰው ይህን ምግብ አይቶ «ይህ የእኛ አይደለም» ይላል፤ ልክ ነው። በአንድ ሳህን ላይ ፓስታና ትልልቅ የሥጋ ድቡልቡል ደርቦ ማቅረብ በኢጣልያ የተለመደ አይደለም። ነገር ግን ያን ሳህን ሐሰተኛ ነው ማለት የስደተኛውን ታሪክ አለማንበብ ነው። ሳህኑ የሚመሰክረው የአባቱ ልጅ የረኃብን ዘመን ማለፉን ነውና።

በጊዜው ግን የተከበረ ምግብ አልነበረም። የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞችና የአመጋገብ መምህራን የስደተኞቹን ቤት እየዞሩ ነጭ ሽንኩርት እንዲተዉ፣ እህሉንና አትክልቱን በአንድ ድስት መቀላቀል እንዲያቆሙ፣ ወተትና ድንች እንዲያበዙ ይመክሩ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ቤት የተጠመቀ ወይን ከፓስታ ጋር የሚያቀርቡት ትንንሾቹ የኢጣልያውያን ምግብ ቤቶች የሌላውን አሜሪካዊ እግር ሳቡ። ከፒያቼንዛ የመጣው ኤቶሬ ቦያርዲ በ1920ዎቹ በክሊቭላንድ ከተማ ምግብ ቤት ከከፈተ በኋላ የደንበኞቹ ፍላጎት ስለ በዛ ስጎውን በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። ንግዱ ወደ ፋብሪካ አድጎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር ሠራዊቱ ምግብ በቆርቆሮ እስከ ማቅረብ ደረሰ።

ለሙያችን ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኒው ዮርክ ስፕሪንግ መንገድ ላይ በ1905 እንደ ተከፈተ የሚነገርለት የሎምባርዲ ፒትሴሪያና እርሱን የተከተሉት ቤቶች ምድጃቸውን ያነደዱት በእንጨት ሳይሆን በድንጋይ ከሰል ነበር፤ የከተማይቱ የዳቦ ምድጃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በከሰል ስለ ነበረ ነው። ከከሰሉ ደረቅ ሙቀት የወጣው ፒሳ ከናፖሊው ይልቅ ቀጠን ያለና ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ሆነ። አዲሱ ዓይነት የተወለደው እንግዲህ ከማገዶ ለውጥ ነው።

በደቡብ አሜሪካ የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በቦነስ አይረስ የጄኖቫ ስደተኞች ይዘውት የሄዱት የሽምብራ ቂጣ «ፋይና» ተብሎ እስከ ዛሬ ከፒሳ ጋር ይበላል። ወር በገባ በ29ኛው ቀን፣ ደመወዝ ሊያልቅ ሲል፣ ከድንችና ከዱቄት የሚሠራውን «ኞኪ» መብላት በአርጀንቲና ልማድ ነው። «የናፖሊ ሚላኔዛ» የሚባል ምግብም አላቸው፤ በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰ ሥጋ ላይ ቲማቲምና አይብ ተደርቦበት የሚቀርብ ነው። ስሙ ሁለት የኢጣልያ ከተሞችን ይጠራል፤ ከሁለቱም ግን በአንዱ የተወለደ አይደለም።

በጀርመን ደግሞ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሚነገርለት ፒትሴሪያ በ1952 በቩርትስቡርግ ከተማ ሲከፈት፣ ከዋነኞቹ ደንበኞቹ መካከል በዚያ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1955 ኢጣልያና ምዕራብ ጀርመን የሠራተኛ ውል ተፈራረሙ፤ ከደቡብ ኢጣልያ የመጡት የፋብሪካና የማዕድን ሠራተኞች ውሎ አድሮ ምግብ ቤት ከፋቾች ሆኑ። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌም የዚያ ጉዞ ተከታይ ነበሩ።

ምንጩም ሲለወጥ

እስካሁን እንዳየነው ምግቡ ባሕር ተሻግሮ ተለውጧል። አንባቢ ምናልባት «ምንጩ ግን ንጹሕ ሆኖ በኢጣልያ ቆይቷል» ይል ይሆናል። ታሪክ ይህንንም አያጸናም።

በዓለም ላይ ስለ ትክክለኛነቱ ብዙ ክርክር የሚነሣበት የሮም ምግብ «ካርቦናራ» ነው፤ ከእንቁላል፣ ከአይብና ከአሳማ የጉንጭ ሥጋ የሚሠራ ፓስታ ነው። ዛሬ ክሬም የጨመረበት ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታያል። ይሁን እንጂ ካርቦናራ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ሮምን በ1944 ከመያዙ በፊት በታወቁት የምግብ መጻሕፍት ውስጥ በስሙ አይገኝም። እስካሁን ከተገኙት የታተሙ አሠራሮች ቀዳሚው በ1952 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የወጣ ነው። በ1954 በኢጣልያ መጽሔት ላይ የወጣው አሠራር ደግሞ የስዊስ አይብና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ነው። የወታደሩ ስንቅ የሆነው የአሜሪካ የአሳማ ሥጋና እንቁላል በምግቡ መወለድ ውስጥ ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም ብለው የሚከራከሩ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም።

ፒሳም ቢሆን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአብዛኛው የናፖሊና የአካባቢዋ የመንገድ ምግብ ነበር። ሰሜን ኢጣልያ በሚገባ ያወቀው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የደቡብ ሠራተኛ ወደ ቶሪኖና ወደ ሚላኖ ፋብሪካዎች በፈለሰ ጊዜ ነው። «ቻባታ» የሚባለው ዳቦ ጥንታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በቬኔቶ በአድሪያ ከተማ በ1982 የተፈጠረ ነው። ይህም ማለት የወርቁ ጥብጣብ በአደራ ከተቀመጠ ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መለኪያው የሚለካውና የማይለካው

እንግዲህ መለኪያ ከንቱ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። የኢጣልያ የምግብ አካዳሚ በ1953 በሚላኖ የተመሠረተው አገሪቱ ወደ ፋብሪካ ኑሮ በምትገሠግሥበት ሰዓት የየአውራጃው ዕውቀት እንዳይጠፋ በመሥጋት ነው። በ1967 የወጣው የኢጣልያ ሕግ ደረቅ ፓስታ ከጠንካራ ስንዴ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ። በ1982 የቦሎኛ የሥጋ ስጎ አሠራር በንግድ ምክር ቤቱ ተመዘገበ፤ ስጎው የሚቀርበው ከታልያቴሌ ጋር ስለ ሆነ፣ በዓለም ሁሉ «ስፓጌቲ ቦሎኜዝ» እየተባለ የሚሸጠው ምግብ በስሙ ከተማ ባለቤት የለውም። በ1984 የናፖሊ ፒሳ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2010 አሠራራቸው በአውሮፓ ኅብረት ተመዘገበ፤ በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ የፒሳ ሠሪውን ጥበብ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ጻፈው።

የናፖሊውን መዝገብ መሐንዲስ በደስታ ያነበዋል። የፒሳው ስፋት ከ35 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ የመሃሉ ውፍረት 4 ሚሊሜትር ሆኖ እስከ 10 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል፤ የምድጃው ወለል ሙቀት 485 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሆኖ የማብሰያው ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ነው። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም። በዚህ ሙቀት በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ጠርዙን ይነፋዋል፤ ሊጡ ግን ለመድረቅ ጊዜ ስለማያገኝ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በ250 ዲግሪ የቤት ምድጃ የገባው ያው ሊጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚቆይ ውኃውን አጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕውቀትን ይጠብቃል፤ በበቆሎው ታሪክ እንዳየነው፣ ዘዴው ሳይያዝ የተሻገረ ምግብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያውቃልና።

መለኪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ የአምራቹን ስም ከነጣቂ ያድናል። በ2008 የአውሮፓ ፍርድ ቤት «ፓርሜዛን» የሚለው ስም የፓርማን አይብ ስም የሚያስታውስ መሆኑንና ጥበቃው እርሱንም እንደሚሸፍን ወስኗል። የገበሬና የአይብ ሠሪ መተዳደሪያ የሆነ ስም በማንም እንዳይወሰድ መከልከሉ ፍትሕ ነው።

ነገር ግን እያንዳንዱ የምሕንድስና ሥዕል ከልኩ ጋር የሚፈቀደውን ልዩነት፣ ቶለራንስ የምንለውን፣ ይጽፋል። ቶለራንስ የሌለው ሥዕል በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ አይሠራም። ሜትር እንኳ በ1960 ከሴቭሩ ዘንግ ተላቆ በብርሃን ሞገድ፣ በ1983 ደግሞ በብርሃን ፍጥነት እንደ ገና ተተርጉሟል። የምግብ መለኪያም የሚነግረን አንድ ምግብ በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን እንዴት እንደ ተሠራ ነው። ያን ስም ለሚጠራ ሰው አደራ ነው፤ ስሙን ሳይጠራ የራሱን ድስት ለጣደ ስደተኛ ግን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

በእኛ ገበታ ላይ

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ሜካኒክ ቤት ገብተን ካቻቢቴና ፒንሳ ስጠኝ፣ ፍሪሲዮኑን አስተካክልልኝ ስንል ኢጣልያንኛ እየተናገርን ነው። ወጥ ቤት ስንገባም ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ላዛኛ እንላለን። ኢጣልያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ መሆኗን ያወጀችው በ1890 ሲሆን፣ ምግቧም ቃሏም በመጀመሪያ በአሥመራ ሰፈሩ። ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎቹ ከተሞች በብዛት የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። የመጣበት መንገድ የእንግዳ መንገድ አልነበረም፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም ሊረሳ አይገባም። ከድሉ በኋላ በአገራችን የቀሩ ኢጣልያውያን በሜካኒክነት፣ በግንበኝነት፣ በዳቦ ጋጋሪነትና በምግብ ቤት ሥራ ኖሩ፤ ሙያቸውንም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሩት።

ሕዝባችን የወራሪውን ምግብ እንዳለ አልተቀበለውም፤ የራሱ አደረገው እንጂ። ስጎው በርበሬ ገባበት፤ በጾም ወራት ሥጋና አይብ ተትተው በዘይትና በቲማቲም ተሠራ፤ ከዚያም አልፎ ፓስታ በእንጀራ ላይ ተገልብጦ በእጅ ተበላ። «ማኪያቶ» በኢጣልያ ወተት ጠብ ያለበት ጥቁር ቡና ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ወተቱ በርከት ብሎ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ሌላ መጠጥ ሆኗል። ቡናው ከእኛ ምድር ወጥቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ በኢጣልያ መሐንዲሶች መኪና በ9 ከባቢ አየር ግፊት ተጨምቆ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። ለፓስታ የሚሆነውም ጠንካራ ስንዴ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን የዚህ ስንዴ ዝርያ እጅግ ከበዛባቸው የዓለም ቦታዎች መካከል ቆጥሯታል።

እኔም በጀርመን «ጥሬ ነው» ብዬ የመለስሁት ፓስታ ኢጣልያኖች «አል ዴንቴ» የሚሉት፣ ጥርስ ሲያርፍበት ጥቂት የሚቋቋም ዓይነት ነበር። እኛ አለስልሰን መቀቀላችን የልማድ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የተፈጥሮም እጅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በፓስታው ጥቅል ላይ የተጻፈው ደቂቃ ግን ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ሰው የተሰላ ነው። በዚያች ማታ እኔ የፈለግሁት የኢጣልያን ምግብ ሳይሆን የእናቴን ቤት ፓስታ ኖሯል።

ፈላጊው ምን ይጠይቅ?

ለትምህርት፣ ለሥራም ሆነ ለጉብኝት በውጭ አገር የሚኖር አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሊጠቀምበት የሚችለው ጥቂት ምክር አለ። በመጀመሪያ፣ ባንዲራና የጎንዶላ ሥዕል ምስክር አይሆኑም። የምግብ ዝርዝሩ አጭር ከሆነና የአንድን አውራጃ ምግብ በስሙ የሚጠራ ከሆነ ግን ከበስተኋላው የሚያውቅ እጅ ለመኖሩ ጥሩ ምልክት ነው። ከሲሲሊ እስከ ቬኔቶ ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት የዘረዘረ ቤት ከአንዱም አይደርስ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፓስታው እንደ ቅድመ ምግብ ለብቻው ይቀርባል ወይስ ከሥጋ ጎን እንደ ማባያ ይጨመራል? የመጀመሪያው የኢጣልያ ሥርዓት ነው። ከታዘዘ በኋላ ጥቂት መቆየቱም ደግ ነው፤ ያልቆየው አስቀድሞ ተቀቅሎ የተቀመጠ ነውና። ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ ለባለቤቱ የሚቀርብ ነው፦ «ከየትኛው አውራጃ ነዎት? በዚያ አውራጃ በተራ ቀን የሚበላው ምንድን ነው?» ይህ ጥያቄ ያላስደሰተው ኢጣልያዊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስደተኛው ለዘመናት ለሦስት ሰው ሲሠራ ኖሯል፤ ለመጽሐፉ፣ ለደንበኛውና ለቤተ ሰቡ። ለመጽሐፉ የሚሠራው ክብሩን፣ ለደንበኛው የሚሠራው እንጀራውን፣ ለቤተ ሰቡ የሚሠራው ማንነቱን ይጠብቅለታል። ሐሰት የሚባለው አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ብቻ ነው።

እኛም ዛሬ ስደተኞች ሆነናል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ጤፍ ባልተገኘበት ጊዜ እንጀራውን ከሌላ ዱቄት ቀላቅለው ጋግረዋል፤ በኋላም በአይዳሆ ግዛት በበቀለ ጤፍ ሠርተዋል። አንድ ቀን ከአገር ቤት የሄደ ሰው ያን እንጀራ ቀምሶ «ይህ እውነተኛ አይደለም» ሊል ይነሣ ይሆናል። ከመፍረዱ በፊት በምን ዱቄት፣ በምን ምጣድና በምን ናፍቆት እንደ ተጋገረ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሥልጠናዬን ጨርሼ ልመለስ በተቃረብሁበት ሳምንት ወደዚያ ምግብ ቤት ዳግመኛ ሄድሁ። ሽማግሌው አወቁኝ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም ከቤተ ሰባቸው ጠረጴዛ አስቀመጡኝ። የቀረበው በቤት የተቆረጠ ሰፋፊ ፓስታ ነበር፤ ሥጋ የለበትም፣ ክሬም የለበትም፤ ከሽምብራ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የተሠራ ነው። ወርዱን ማንም አልለካውም። በሕፃንነቴ በዐቢይ ጾም የበላሁትን መሰለኝ። «ከሦስቱ እውነተኛው ይህ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርሱን እኔ አላውቅም፤ እናቴ የምትሠራው ግን ይህን ነበር» ብለው ጨመሩልኝ።